ባለቤቴን በጀርባዋ አዝላ ስለወሰደችው እንግዳ

ይድረስ ለሰሜን ወደብ ሰፈሮች የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ክቡር ሊቀ መንበር፣
ማኒላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዳሳተሙት ካርታ የሚያብረቀርቅ፣ ጉልበትዎ የበረታ፣ ቤትዎም ጸጥታ የሰፈነበት ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ቶንዶ ውስጥ፣ ከአራተኛው የመርከብ ማራገፊያ ፊት ለፊት፣ ሉጋው የምንለውን ቀጭን የሩዝ ገንፎ እየሸጥኩ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩ ፔርፔቱዋ ዲማላንታ የምባል መበለት ነኝ። ኮሚቴዎ ሻንጣ አዝለው ለሚመጡ ወጣት ጎብኚዎች ባዘጋጀው «በማኒላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት» በተባለው ካርታ ላይ፣ እኔን መጠየቅ ሳያስፈልገው፣ ቤቴን በሰባተኛ ቁጥር ስላከበረልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ፤ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ካርታዎ «ከኋላ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ወደቡ ከዚያ ጥሩ ሆኖ ይታያል» ይላል። እውነት ነው፣ ይታያል። የዚሁ ከተማ ልጅ ስለሆኑ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት፣ ከለቅሶ ቤት የወጣ ሰው በቀጥታ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ሟቹ ተከትሎት እንዳይገባ መንገድ ላይ ጎራ ብሎ፣ አንድ ነገር ቀምሶ፣ አራግፎት ይሄዳል። የሰፈራችን ሰው የሚያራግፈው እኔ ዘንድ ነው። ከሚራገፉት ሙታንም አብዛኞቹ ጥቂት አረፍ ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። አንዱ ግን አልቀጠለም።

እሱም ባለቤቴ ኢሲድሮ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከቀብሩ ስመለስ፣ ሐዘን ያደነዘዘው ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ አላሰበምና፣ «ይሄ መኖሪያ ቤቴ አይደለም፣ ሥራ ቦታዬ ነው» ብዬ የገዛ ሉጋው ቤቴ ገብቼ አራገፍኩት። እንዲህ ያለ ቂልነት ከእኔ በቀር የሠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ከኋላ ያለችው አግዳሚ እሱ ሲቀመጥባት እንደምታደርገው ሲጥ አለች። ፈራሁ፤ ቀጥሎም ደስ አለኝ። ይህን ለቄሱ እንኳ አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን የካርታ ሰው ስለሆኑ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያች አግዳሚ ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም ነበር፤ ድመቴም ዞራ ነበር የምታልፈው።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ወር ብላንካ የምትባል፣ ከራሷ የሚበልጥ ሻንጣ ያዘለች የሩቅ አገር ልጅ ከተማችን ገባች። በመጀመሪያው ቀን የድሮውን ግንብና ቤተ ክርስቲያኑን አይታ፣ እኩለ ቀን ላይ ካርታዎን ዘርግታ መጣችና ቀጥ ብላ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠች። ቤቱ ውስጥ ያለ ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ኦንዮ የሚባለው የጂፕኒ ታክሲ ሾፌር ደንበኛዬ፣

«እትዬ ፔርፔ፣ ዝም ብለሽ ታያለሽ? ልጅቷ እኮ ባልሽ ጭን ላይ ተቀመጠች!» አለኝ።

«ታዲያ ምን ልበላት? ተነሽ፣ ሰው አለበት ልበላት?»

«በያት!»

«አንተ አይደለህ ቋንቋ እችላለሁ የምትለው? ራስህ ንገራት።»

«እኔማ ከኢሲድሮ ጋር ጠብ የለኝም» ብሎ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

እኔም ፈገግ አልኩላት፤ ካርታዎ እንደሚለው እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን።

በሁለተኛው ቀን ገበያውን ዞራ፣ የባሕሩን ዳርቻ በእግሯ ለክታ፣ ግራ ትከሻዋን እያሻሸች መጣች። ኢሲድሮ ወደቡ ላይ ሠላሳ ዓመት ጆንያ የተሸከመው በግራ ትከሻው ነው። ሻንጣዋን እየጠቆመች ተነፈሰች፤ እኔም ሻንጣው ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ከዚያ እንቁላሉን ከላይ ሳይሆን ከሥር እንድቀብርላት በጣቷ አሳየችኝ። ክቡር ሆይ፣ የሥራ ጓደኞቹ አይተው እንዳይሻሙት እንቁላሉን ከሥር የሚያስቀብር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።

ሦስተኛ፤ በሦስተኛው ቀን ካርታዎ ሙዚየም እንድትሄድ አዟት ነበር፣ አልሄደችም። ረፋዱን ሙሉ የአራተኛውን ማራገፊያ አጥር ተደግፋ ጆንያ ሲወርድ ስታይ ቆየች። ኦንዮ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ቢላት «እኔም አላውቅም» አለችው። መጥታ በላች፤ ሻንጣዋን ስታነሳ ተንገዳገደችና «ዛሬ ደግሞ ምን እንዲህ ከበደኝ!» ብላ ሳቀች፤ ኦንዮ ሲተረጉምልኝ እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወደ ደቡብ ደሴቶች በሚሄደው መርከብ ሄደች።

በማግስቱ በሩን ስከፍት አግዳሚዋ ዝም አለች። ጥቂት ቆይቶ ድመቴ ወጥታ ተኛችባት። ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ፤ የዚያን ቀን የቀመሰ ደንበኛ ሁሉ ሉጋው አሮብሻል ብሎኛል።

አራተኛውን ቅሬታ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። የልጅቷን አድራሻ ፈልገው ባለቤቴን እንዲያስመልሱልኝ ልጠይቅዎ ነበር። ሳስበው ግን፣ ኢሲድሮ ሠላሳ ዓመት የሰው ዕቃ መርከብ ላይ ሲጭን አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። «አንድ ቀን እኔንም ይጭኑኛል» ይለኝ ነበር፣ እየሳቀ። አልሄድ ያለ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ለካ ያልለቀቅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ልጅቷ ለኮሚቴዎ የምትጽፍ ከሆነ፣ ትከሻዋን በሞቀ ውሃ እንድትይዝ፣ እንቁላሉንም ከሥር ማድረግ እንዳትረሳ ብቻ ይንገሩልኝ። ቤቴን ግን እባክዎ ከካርታው ያውጡልኝ፤ ሌላ የምሰጠው ባል የለኝም።

ለሕያዋን ብቻ ሳይሆን ለሙታንም የጉዞ ዕድል ለከፈቱት ክቡርነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ሰባተኛ ቁጥርዎ፣
ፔርፔቱዋ ዲማላንታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ረቡዕ ከአማትዎ ቀብር መልስ፣ ከነጥቁር ልብስዎ ለካርታው ፎቶ ሊነሱ ቤቴ ጎራ ስላሉ ታላቅ ክብር ተሰምቶኛል። ሉጋዬን አመስግነው፣ ኮትዎን አራግፈው፣ ቀለል ብሎዎት ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ድመቴ አግዳሚዋ ላይ አትወጣም፤ ጨው ማስቀመጫውም በቀን ሁለት ጊዜ ይደፋል። ቤቴን ከካርታው ካወጡልኝ ሻንጣ ያዘለ እንግዳ ስለማይመጣ፣ እኚህን አማትዎን አዝሎ የሚወስዳቸው እርስዎ ብቻ ነዎት።