ቤቷ ያልገባችው ግልገል

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ጀይሉ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የጉልበትዎ ሕመም በድሬዳዋ ሙቀት ተሻለዎት ወይ? እትዬ ሀያቱስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እህትዎ ዙሀራና ልጄ አልፊያ ለአካላችን ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። በሌላውም ደህና ነን ብዬ ብጽፍልዎ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ባለቤቴ ሰይፈዲን ከሞተ በኋላ በላኩልኝ ደብዳቤ፣ የጀመረው ፊልም ምን እንደደረሰ ጠይቀውኝ ነበር። አምና መጥተው ሲያዩት፣ ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል ብለው የሳቁበትን ማለትዎ ነው። ከካፖርት ቁራጭና ከሽቦ የሠራቸውን ፍየሎች ጠረጴዛ ላይ ያቆማል። የተማሪ ልብስ እየሰፋ ይሠራበት በነበረው ትምህርት ቤት ያለ ፈረንጅ መምህር ባዋሰው ካሜራ አንዴ ያነሣል፤ የግልገሏን እግር ትንሽ ፈቀቅ ያደርጋል፤ ደግሞ ያነሣል። አልፊያ የጅብ ጩኸት እየፈራች እንቅልፍ ስለነሳችን፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው፣ ማንም ማንንም የማይበላበት ተረት እሠራላታለሁ ብሎ ነው። የጠፋች ግልገል መንገድ ስትጠይቅ ውላ እናቷ ዘንድ ትገባለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

እሱ ሲሞት ግልገሏ እናቷ ደጃፍ ላይ ደርሳ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ቆማ ነበር። የለቅሶ ቤት መቼም ያውቁታል። ለቀስተኛው መቀመጫ ሲያጣ ጎረቤቴ ዋጋነሽ ጠረጴዛውን አስወጣች፤ ፍየሎቹንም አቧራ ለብሰዋል ብላ በሳሙና አጥባ አሰጣቻቸው። በማግስቱ መምህሩ መጥቶ፣ ማንም ካልነካቸው እኔ እጨርሰዋለሁ ሲል ግልገሏ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። የቱ የት እንደቆመ የሚያውቀው ሰይፈዲን ብቻ ነው። ዋጋነሽን ምን ልበላት? ደግ ሴት ናት፤ ስታለቅስልኝ ነው የከረመችው።

እስከዚያ የተነሣው ፊልም ውጭ አገር ታጥቦ ሰሞኑን መጣ። ከዋጋነሽ ቤት መብራት ስበን፣ መምህሩ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅሎ በማሳያ ማሽን አሳየን። ጋሼ፣ እውነትም ትሄዳለች! አልፊያ እያጨበጨበች ሳለ ድንገት የሰይፈዲን እጅ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እጁን ሳይሰበስብ አንሥቶት ኖሯል። ልጄ «አባቢ! አቁሙት!» ብላ ጮኸች። መምህሩ ማሽኑ ከቆመ የአምፖሉ ሙቀት ፊልሙን ያቃጥለዋል አለን። ደጋግሞ ከመጀመሪያው አሳያት፤ እጁ ግን ሁልጊዜ እንደዚያው ሳይጠገብ ያልፋል። ግልገሏም ደጃፉ ላይ ስትደርስ አንሶላው ባዶ ይሆናል።

ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ ተስፋ የለኝም። አልፊያ ጅብም አትፈራም፣ ተረትም አትጠይቅም። የአባቷ እጅ አንሶላው ውስጥ የቀረ መስሏት ከግድግዳው እንዳናወርደው ትለምናለች። ትናንት ዋጋነሽ አንሶላውን ወስዳ ልታጥብልኝ መጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

ለእትዬ ሀያቱ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ረሻድንና ሰብሪያን ሳሙልኝ። ዋጋነሽም አኩርፋ እንኳ ሰላም በይልኝ ብላለች። አልፊያ እዚያው አንሶላው ሥር ሆና እጅዎን ትስማለች።

እህትዎ ዙሀራ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 9 ቀን 1965 ዓ.ም.