በስኒ የሚሰፈር ጠበል

ለልጄ ለወልደ ኪዳን፤ የገነተ ማርያም ጥላ ከአንተና ከአዲሲቱ ሙሽራህ አይራቅ እያልሁ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። በስልክ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ደብዳቤ መረጥሁ።

ገብሱ ዘንድሮ ደኅና ነው። እህትህ ባንችይርጋም ከደሴ የኩላሊት እጥበቷ ተመልሳለች። ሐኪሞቹ ውኃ በቀን ሁለት ብርጭቆ ብቻ ብለው ነበር፤ እኔ ግን «ጠበል ውኃ አይደለም» ብዬ አንድ ማሰሮ አስጠጣኋት። አብጣ ልትሞትብኝ ነበር። የንስሐ አባታችን «አንተ ሰው፣ እምነትህን በሊትር ነው እንዴ የምትሰፍረው?» ብለው ተቆጡኝ። አሁን በስኒ ሰፍሬ እሰጣታለሁ፤ እሷም «አባዬ፣ ጠበልም ራሽን ገባ?» እያለች ትስቅብኛለች።

አጠገቧ ትታጠብ የነበረችው የባንክ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቷ መድን ውጭ አገር ሄዳ ኩላሊቷ ተቀየረላት። የእኛ የጤና መድን ደብተር ግን ያን አይሸፍንም አሉ። የቀረን የአዲስ አበባው ወረፋ ነው፤ ለእሱም ኩላሊት ሰጪ ከሥጋ ዘመድ ይዛችሁ ኑ ተባልን። እኔ ቀርቤ ነበር፤ ስኳር አለብህ ብለው መለሱኝ። እናትህም የለች።

ባለፈው እሑድ የአብርሃምና የይስሐቅ ታሪክ ሲነበብ መስማት አቅቶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

የእናትህን ሣጥን ሳጸዳ የክትባት ካርድህን አገኘሁ፤ የደምህ ዓይነት አልተጻፈበትም። ታውቀው ይሆን? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ለሙሽራህ አትንገራት።

እግዚአብሔር ሁለቱን ዓይኖቼን፣ አንተንና እህትህን፣ እኩል ይጠብቅልኝ።

አባትህ ምንይችል፣ ከላስታ