ላታሙ ላፕቶፕ

ለተከበሩ አቶ ወልደ አማኑኤል
የአጥቢያ ኮከብ የወጣቶች የኮምፒውተር ጨዋታ ማኅበር የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የኮሚቴ ባልደረቦችዎን የመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስንና የወይዘሮ አልጣሽን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ ወገባችሁ እንዴት እንደ ሰነበተ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ምክንያቱን ከፊርማዬ በታች ያገኙታል። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ ካለመቻሌ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንኳ ጀምሬ እነሣለሁ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ እንቆራጠጣለሁ፣ ወደ ጓሳ አቅጣጫ አይና ተመልሼ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ቢንጋደድብዎ ቆሜ ስለምጽፍ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤው በሌሎችም እጅ ሊገባ ስለሚችል ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እኔና ጓደኛዬ ጽናት አንድ የኮምፒውተር ጌም እየሠራን ነው። ተጫዋቹ ከከተማችን በላይ ባለው ደጋ የሣር ሜዳ፣ በጓሳ፣ የሚኖር ቀይ ቀበሮ ሆኖ አይጥ ያድናል፣ ከብርድና ከውሻ ያመልጣል። ሐሳቡ የጽናት ነው፤ ቀበሮውን እያንዳንዷን እርምጃ ሳይቀር የምትሥለውም እሷ ናት። እኔ ከተማ ተቀምጬ ቀበሮው እንዲታዘዝ የሚያደርገውን ኮድ እጽፋለሁ። ጽናት የምትኖረው ከጓሳ ማዶ፣ መኪና ከማይደርስበት መንደር ነው፤ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ስለምታስታምምም ከቤት መራቅ አትችልም። ስለዚህ ሁለታችንን ሲያገናኝ የኖረው በእኔ ጀርባ የሚመላለሰው ላፕቶፕ ነበር። እሱ ሲቃጠል ማኅበሩ አዲስ ሊገዛልን ወሰነ፤ ከጥምቀት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚደረገው የወጣቶች ውድድርም ተመዘገብን።

እኔም የሚያስፈልገንን በጽሑፍ አቀረብኩ፦ በቦርሳ የሚያዝ ቀጭን የጌም ላፕቶፕ፣ ስክሪኑ አሥራ አራት ኢንች፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ ያልራቀ፣ ባትሪው የሚቆይ፣ ቻርጀሩ ትንሽ። ቀጭኑ ሲሠራ ትንሽ እንደሚሞቅና ግራፊክስ ካርዱ ከወፍራሞቹ አንድ ደረጃ እንደሚያንስ አልደበቅኩም፤ የቀበሮ ጠጉር በነፋስ ለማወዛወዝ ግን ይበቃል። ኮሚቴው አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ይዞልን የመጣው ምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ አይቷል። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመራረጥዎ። ክቡርነትዎ ዕድሜዎን በሞላሌ ገበያ በግ ሲመርጡ የኖሩ፣ ወገቡን በመዳፍዎ ጨብጠው፣ ላቱን ከሥር መዝነው፣ ብድግ አድርገው በማንሣት ብቻ ስለ በጉ ሁሉን የሚያውቁ ሰው መሆንዎን የማይመሰክር የለም። አባቴም ያለ እርስዎ ምክር የበዓል በግ ገዝቶ አያውቅም፤ አፍሮም አያውቅም። ይህ ሙያዎ ሱቅ ውስጥም እንዳልተለየዎ ሻጩ በስልክ አጫውቶኛል። ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን ሲያቀርብልዎ አንዱንም ሳይከፍቱ በየተራ ብድግ እንዳደረጓቸው፣ ቀጭኑን «ይኼ የከሳ ነው፤ ክረምቱን አይወጣም» ብለው እንደመለሱለት፣ ከወፍራሙ ጋር የመጣውን ጡብ የሚያህል ቻርጀር ሲያዩ ደግሞ «ኧረ ላቱን ተመልከቱልኝ!» ብለው ባልደረቦችዎን እንደጠሩ ነገረኝ። ሻጩ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን መሣቅ አልቻልኩም፤ ለበግ የሚሠራው ዓይንዎ ለምን ለዚህ እንደማይሠራ እስካሁን የነገረዎ ሰው አለመኖሩ አሳዝኖኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ባልደረቦችዎ ማስረጃ። መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ምርጫውን የደገፉት ታላላቆቹ የብራና መጻሕፍት ሁሉ ከባድ መሆናቸውን በመጥቀስ እንደሆነ ሰምቻለሁ። መምህሬ ናቸውና አልከራከራቸውም፤ ብቻ እነዚያን መጻሕፍት ዳዊቱን በአንገታቸው አንጠልጥለው አገር ለአገር የዞሩት ተማሪዎች እንዳልተሸከሟቸው ባስታውሳቸው አይቀየሙኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወይዘሮ አልጣሽ ደግሞ ሌባ ቀላሉን ይዞ ይሮጣል፣ ከባዱን ትቶ ይሄዳል ብለዋል። ፍጹም ትክክል ናቸው። ሌባ ብቻ አይደለም፣ እኔም ትቼው ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ስክሪኑ ከየትኛውም ቦርሳ ስለሚተርፍ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በገመድ ጀርባዬ ላይ አስሬ፣ ቻርጀሩን በጉያዬ ይዤ ወደ ጽናት ተነሥቼ ነበር። ጓሳ ላይ ስደርስ ገመዱ ትከሻዬን ልጦት፣ በረዶ ያዘለው ደመና ከፊቴ ተደቅኖ፣ ሳሩ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተመለስኩ። እያለቀስኩ ነበር የተመለስኩት፤ ይህን ስጽፍም አላፍርም። በኋላ ሳስበው ብደርስም ዋጋ አልነበረውም፤ የመንደሩ ጤና ኬላ የፀሐይ መብራት የዚያን ቻርጀር ሆድ መሙላት አይችልም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጽኑ አቋምዎ። ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ዕቃው ሳይጎዳ ከገና በፊት ከተመለሰለት በቀጭኑ ሊለውጥልን ፈቅዷል። ይህን የምሥራች ይዤ ቢሮዎ ስመጣ የሰጡኝ መልስ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ የገዛሁትን በግ ጎትቼ ገበያ የመለስኩበት ቀን የለም፤ በስተርጅና ልታዋርጂኝ ነው?» አሉኝ። ወዲያው ላፕቶፑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ቁልፉንም ኪስዎ ከተቱ። ጓሳ እንኳ ሲዘጋ ሳሩ እንዲያገግም ነው፤ ጊዜው ሲደርስም ሕዝቡ ተማክሮ ለአጨዳ ይከፍተዋል። የእርስዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ምን እያገገመ እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ክብርዎን ልነካ አልመጣሁም ነበር፤ ያን ዕለት ልነግርዎ ፈልጌ ያቃተኝም ይኸው ነው።

አራተኛውንም ምስጋና ብዬ ልጀምረው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ወደ መሣሪያው መምጣት የማትችለው አባል መምጣት በሚችል ሌላ ሰው እንድትተካና ስሟም ከውድድሩ መዝገብ እንዲወጣ ወስኗል። ክቡርነትዎ፣ ነገሩን ቀስ ብለው ይመልከቱልኝ። ጌሙን ያሰበችው ጽናት ናት። ቀበሮውን በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ሣር ስታጭድ ቁጭ ብላ ያየችው፣ ሲያደባ ጆሮውን እንዴት እንደሚያቆም የምታውቀው እሷ ናት። የኮሚቴው ዕቃ ወደ እሷ መሄድ ስላልቻለ ጥፋተኛ ሆና የተገኘችው ግን እሷ ሆነች፤ ላፕቶፑ ይቀመጥ፣ ሰውየዋ ትለወጥ ተባለ። ልትለወጥ የምትችለው እሷ ናት ብላችሁ እንዴት እንደደረሳችሁበት ሌሊትም ቀንም አስቤ አልደረስኩበትም። የተናደድኩትም ለዚህ ነው፤ ለሸክሙ አይደለም።

ውሳኔውን ለጽናት የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው ለእሷ ለመንገር እግሩን አላነሣማ። ስልኩ የሚሠራው ከቤቷ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ድምፅዋን እየወሰደው ነበር። አልተቆጣችም። «እነሱም ለማኅበሩ ብለው ነው፤ አንቺ ብቻ ቀበሮውን አሳምረሽ ጨርሺው» አለችኝ። ብትሰድባችሁ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው መቀመጥ ያቃተኝ።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከገና በፊት ቁም ሣጥኑን ይክፈቱና ዕቃው በቀጭኑ ይለወጥ። እምቢ ካሉኝ የእኔም ስም ከጽናት ስም ጋር ከመዝገቡ ይውጣልኝ፤ ደብረ ብርሃንም ላፕቶፑ ብቻውን ይወዳደር። ክብደቱን ያዩ ዳኞች እርስዎ እንዳደነቁት ያደንቁት ይሆናል። ጌሙን ከፍተው ማየት ከፈለጉ ግን የሚያገኙት ከአሮጌው ላፕቶፕ የተረፈ አንድ ቀይ ቀበሮ ብቻ ነው። አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ጓሳ መሐል ቆሟል። አሮጌው ላፕቶፕ የተቃጠለው ጽናት ቀጣዩን እርምጃ ሳትሥል በፊት ነው። እኔ ልሥልለት ሞክሬ ነበር፤ ያነከሰ መሰለ። አጠፋሁትና እንደነበረ ተውኩት።

ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ክብደትዎም ከቶ እንዳይቀንስ ከልቤ የምመኝልዎ፣ በቁም ሣጥንዎ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እጅ የምነሣ፣ የአባቴን የበዓል በግ ውለታ ያልረሳሁ፣

ታዛዥዎ
ፀደንያ ተገኘ

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ
ለወይዘሮ አልጣሽ
ለጽናት፤ በእጅ የሚደርስ፣ ወረቀት ቀላል ነውና ይዤላት እሄዳለሁ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ስለ ወገባችሁ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በተመለሳችሁ ዕለት ካርቶኑን ከመናኸሪያ እስከ ቢሮ ሦስታችሁ ስትፈራረቁበት፣ መሪጌታ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ አሳርፈውት ላባቸውን ሲጠርጉ፣ እርስዎም ባለ ጋሪ ሲጣሩ ገበያተኛው ሁሉ አይቷል። ያ መንገድ ሜዳ ነው፣ አስፋልትም ነው። ወደ ጽናት የሚወስደው ዳገት ነው። እንግዲህ ከለውጡ ይልቅ ዕቃው እንዳለ ይሂድ የሚሉኝ ከሆነ፣ በመረጡት ቀን ማልደው ይምጡና አብረን እንውጣ፤ ላፕቶፑን እርስዎ ይሸከሙ፣ ላቱን እኔ እይዝልዎታለሁ።