በደንዴ የተሟሹት ድስቶች

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሽንኩርት። አራት ዓመት ሙሉ ሽንኩርት! ከባሂያ ክፍለ ሀገር ተድራ ወደዚህ ቪቶሪያ ከተማ የመጣች ሴት የሚሰጣት ሥራ ይኸው ነው... አማቷ ምግብ ቤት ጓዳ ተቀምጦ መላጥ፣ መክተፍ፣ ማልቀስ። ሙኬካውን፣ በሸክላ ድስት የሚሠራውን የዓሣ ወጥ፣ ከአማቴ ከዶና ላውሪታ በቀር ማንም አይነካውም።

ሴኡ አሪስቴውም እንደ ልማዳቸው። ሠላሳ ዓመት ከመስኮቱ ሥር ያልተነሱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ቢራቸውን እየጠጡ፣ "ኢዲናልቫ፣ እናንተ አገር ዓሣውን ዘይት ውስጥ ታሰጥሙታላችሁ አሉ?"

"ባሕር ውስጥ ያደገ ዓሣ መስጠም ይፈራል እንዴ?" አልኳቸው።

ኦገስት 7፣ ሐሙስ

አላምንም... አላምንም! ዶና ላውሪታ ፊታቸውን ከእሳቱ ሳያዞሩ፣ "እግሬ አልቆም ብሎኛል። እሁድ ሙኬካውን አንቺ ትሠሪያለሽ" አሉኝ።

እኔ?

"ሌላ ሰው አለ እዚህ? የባሂያ ነገር እንዳይሸተኝ ብቻ። ካበላሸሽው ሁለተኛ ምድጃዬ አጠገብ አትደርሺም።"

ባሌን ጄኒልሶንን በደስታ አቅፌ ላፍነው ነበር። ነገ ስድስት አዳዲስ የሸክላ ድስት ይመጣል። ማሟሸቱም የኔ ነው!

ኦገስት 8፣ ዓርብ

መጡ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያምሩ። ጓሮ እሳት አነደድኩ። ዘይት ቀባሁ፣ አጋልኩ፣ ደግሜ ቀባሁ። እየዘፈንኩ። ስድስቱም አብረቀረቁ። እናቴ በአውቶቡስ የላከችልኝ ጠርሙስ ግማሽ ደረሰ...

ቆይ። የትኛው ጠርሙስ?

ዓርብ፣ ከሰዓት

ደንዴ ነው። አምላኬ፣ ደንዴ! ቀዩ የዘንባባ ዘይት። እኛ አገር ሳልቫዶር፣ አዲስ ድስት በሌላ ነገር ስናሟሽ አይቼ አላውቅም... እጄ የለመደውን አደረገ። እዚህ ግን ደንዴ ሙኬካ ውስጥ ገባ ማለት ነውር ነው። ሦስቴ በፈላ ውሃ አጠብኳቸው። ሽታው ንቅንቅ አላለም፤ ሸክላው ጠጥቶታል። አሮጌዎቹ ደግሞ ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ልናገር? ከተናገርኩ እሁድ የለም።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

አልተናገርኩም።

ኦገስት 10፣ እሁድ

የአባቶች ቀን። ቤቱ ጢም ብሏል። ልክ እንደነሱ ሠራሁት፤ ቲማቲም፣ የድንብላል ቅጠል፣ ወጡን የሚያቀላው የኡሩኩም ፍሬ፣ ውሃ ጠብ ሳይል። ምናልባት አይታወቅ ይሆናል አልኩ... የመጀመሪያው ድስት እየተንተከተከ ለሴኡ አሪስቴው ሄደ። ጎረሱ። ማንኪያውን አስቀመጡ።

"ላውሪታ፣ ይኼ ዓሣ በባሂያ በኩል ዞሮ ነው የመጣው።"

ዶና ላውሪታ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። "በምንድን ነው ያሟሸሽው?"

ነገርኳቸው። ሰው ሁሉ ፊት፣ እንባዬ እየወረደ።

"አውጪልኝ! አንድም ድስት ከዚህ በር እንዳይገባ!"

ስድስቱንም በረንዳ አወጣኋቸው፣ ከሰል ምድጃው አጠገብ። አለቀስኩ። ከዚያ ንዴቱ መጣ... ከተባረርኩ አይቀር! የቀረውን ደንዴ ድስቶቹ ውስጥ ገለበጥኩት። የኮኮናት ወተት ከቤቴ አመጣሁ። ሚጥሚጣ የመሰለች ቃሪያ ጨመርኩ። ሽታው በመስኮቱ ገባ።

መጀመሪያ ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ሴኡ አሪስቴው! በአንድ እጅ ወንበር፣ በአንድ እጅ ቢራ። "መሳሳቱ ካልቀረ፣ በደንብ የተሳሳተውን ልቅመስ።"

ከዚያ ሁለት ጠረጴዛ ወጣ። ከዚያ አምስት። በዚያ ፀሐይ! ሰው እጁን እየላሰ የካሳቫውን ገንፎ ጨምሪ ይለኛል። አልደከመኝም፣ ምንም አልደከመኝም!

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ዶና ላውሪታ አኩርፈውኛል። ግን ከቤቴ ጥፊ አላሉኝም። ጄኒልሶን ሳይጠየቅ ከሰል አመጣ። እሳቸው እንግዳ ሲመጣ፣ "የኛን ሙኬካ ከሆነ ውስጥ፤ ሌላውን ከሆነ እዚያ ውጭ ያለችውን ጠይቁ" ይላሉ። ስሜን አይጠሩም። ሁለት አገር ሆነናል፤ ካይፒሪኛ፣ የሎሚው መጠጥ፣ ግን ከሁለቱም ወገን ይታዘዛል።

ኦገስት 24፣ እሁድ

ምሳው ሊያልቅ ሲል ዶና ላውሪታ ሽርጣቸውን ፈተው በረንዳ ወጡ። ተቀመጡ። እኒህ ሴትዮ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው ሲበሉ አይቼ አላውቅም!

"አምጪ እስቲ።"

ድስቱን አቀረብኩላቸው። በሉ። ቀና አላሉም።

"ጨው አንሶታል።"

"እሺ።"

"ሆድ ላይም ይከብዳል።"

"እሺ።"

ሳህኑን ድጋሚ ዘረጉ። ሁለተኛውን ጨርሰው፣ ወደ ባሕሩ እያዩ፣ "እግሬ የሚሻለው አልመሰለኝም" አሉ። "ከማክሰኞ ጀምሮ የውስጡንም ምድጃ አንቺ ትይዣለሽ።"

"እጄን ደንዴ ነክቶት ብገባስ?" አልኩ።

"ትታጠቢያለሻ፣ ልጄ።"