ስለሚለፈልፈው አግዳሚ ወንበራችን

ለክቡር አቶ ራይቮ ሳርኔት
የባሕር መዝናኛዋ የሙዳራና ከተማ እንግዳ ተቀባይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኢስቶኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ዕረፍት ለማያውቀው ሐሳብ አፍላቂነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኛ ጆሯችንን ከሚያመን በቀር ደህና ነን።

በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት፣ በባሕሩ ዳር የነበረውን የእንጨት አግዳሚ አስነቅለው ሰው በተቀመጠበት ቁጥር የሚናገር ወንበር ስላስተከሉልን፣ ምስጋናዬን ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው፤ መቀመጥማ ከቀረ ሰነበተ።

አንደኛ፣ ወንበሩ «እንኳን ደህና መጡ፣ ውድ እንግዳችን! ከየት ነው የመጡት? ባሕራችንስ እንዴት ነው?» እያለ ይጮኻል። እዚህ አገር ሰው ለጎረቤቱ «ዛሬ ነፋስ ነው» ካለ ወሬኛ እንደሚባል፣ ክቡርነትዎ እዚሁ ተወልደው አድገው እንዴት እንደዘነጉት ይደንቀኛል።

ሁለተኛ፣ እንግዶቹም ቢሆኑ የሚመጡት ጸጥታ ፍለጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ከፊንላንድ የመጡ አንድ አዛውንት በጢስ የበሰለ ዓሣቸውን ሊበሉ ቁጭ ከማለታቸው ወንበሩ ሲያንባርቅባቸው፣ ብድግ ብለው «ይቅርታ፣ ሰው ያለበት አልመሰለኝም» አሉትና ቆመው በሉ። ስለ መስተንግዶው ከልብ እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ግን ቀልድ አይደለም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሳልሜ ከባለቤታቸው ከአቶ ኤልማር ጋር ዕድሜ ልካቸውን አመሻሽ ላይ እዚያ ተቀምጠው፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ባሕሩን ያዩ ነበር። እንዲህ ያለው በእኛ ዘንድ የሞቀ ትዳር ነው። አቶ ኤልማር በክረምቱ ዐረፉ። ወይዘሮ ሳልሜ ግን መሄዳቸውን አልተዉም፤ ከባላቸው ጋር ዝም የሚሉበት ሌላ ቦታ የላቸውምና። አዲሱ ወንበር በተተከለ ማግስት ቤቴ መጥተው፣ «ሂልያ፣ ይኼ ግዑዝ ከኤልማር ጋር አላስወራ አለኝ እኮ! ደግሞ እኔን፣ እዚችው ደጃፍ ላይ የተወለድኩትን፣ ከየት መጡ ይለኛል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናድጃለሁ።

ስለዚህ ወይ የቀድሞውን ይመልሱልን፣ ወይ የአሁኑን አፉን ያስይዙልን። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ አሮጌው አግዳሚ ያን ያህል ዘመን ሳይነቅዝ የኖረው ለዚሁ ይመስለኛል።

በቆሙት ነዋሪዎች ሁሉ ስም፣ ወደ ተቀመጡበት ወደ ክቡርነትዎ እጅ እየነሣሁ፣

ሂልያ ቴደር
በወንበሩ አጠራር «ውድ እንግዳ»

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ የሰማሁት ነው፤ ለጉልበት ሕመም ሰው ከሩቅ የሚመጣለት ጥቁሩ የባሕራችን ጭቃ የወንበሩን መናገሪያ ግጥም አድርጎ ደፍኖታል። ወይዘሮ ሳልሜንም አመሻሽ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፤ እጃቸው ንጹሕ ነበር፣ ገና እንደታጠበ ሁሉ። ማን እንደሠራው ለማጣራት ሰው መላክ ከፈለጉ በደስታ እንቀበላለን፤ ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቀን። ከተማው በሙሉ ዝም ይላል።