ጨው የበዛበት ዓሣ

አሰብ፣ ሰኔ 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ዛሬ ክው ብያለሁ። የከባድ መኪና ሾፌሮቹ «እትዬ፣ ሲያበሉን ኖረዋል፤ ዛሬ ደግሞ እኛ እናጉርስዎት» ብለው በገዛ ምግብ ቤቴ እንደ ሙሽራ አስቀመጡኝ። ከዚያ እኔው ከጠበስኩት ዓሣ አጎረሱኝ። እኔ ዓሣ እጠብሳለሁ እንጂ ሽታው ስለማይስማማኝ ቀምሼው አላውቅም። ግን ሰው በፍቅር የዘረጋው ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ዋጥኩት። ጨው ብቻ!

«ይሄን ሁሉ ዘመን ይህንን እየበላችሁ ዝም አላችሁኝ?» ብዬ ጮህኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ሾፌር «እኛማ የአሰብ ሙቀት በላብ ስለሚጨርሰን አስበውልን መስሎን ነው» አለኝ። «የዛሬውም ድግስ ለእሱ ምስጋና ነበር።»

ነገ ጨዉን ብቀንሰው «ምነው እትዬ፣ ጨከኑብን?» ይሉኝ ይሆን…