ከማተብህ ጋር የታሰረው ቁልፍ

ውድ ይርሳው፣

ከሁሉ በፊት ይህን ልትረዳልኝ ይገባል፤ ለሙዚየማችን በውሰት የሰጠኸው የአባትህ የብራና ዳዊት እስካሁን ያንተ ነው። የውሰቱ ጊዜ ግን አልፏል። በደንባችን መሠረት ባለቤቱ ካልመጣ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በማስታወቂያው ጊዜ ውስጥ እሱ ወይም ወራሹ ካልቀረበ ንብረቱ የሙዚየሙ ይሆናል። ስልክህ አልጠራ ሲለኝ፣ ካለህበት ከፈረስ ቤት የሚመጡ ገበያተኞችም አላየነውም ሲሉኝ፣ ማስታወቂያውን በሩ ላይ ለጠፍኩ። አንተን ይጠራልኛል ብዬ ነበር።

የመጣው ሌላ ሰው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ጥበቃችን ንግሥቴ አንድ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ይዛ ገባች። አንተ ልከኸው ከቡሬ እንደመጣ ነገረኝ።

«እሱስ፣ እግሩን አመመው?» አለችው ንግሥቴ።

«መንገዱ አልተመቸውም» አላት፣ ዓይኑን ዳዊቱ ካለበት ሳጥን ሳይነቅል።

ምልክት ጠየቅሁት። የሳጥኑን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ዳዊቱን ያመጣህ ዕለት ሳጥኑን ራስህ ቆልፈህ ቁልፉን ከማተብህ ጋር ስታስር ንግሥቴ «ሌባ አደረግኸን እኮ» ብላ ስቃብህ ነበር። አንተም «ማተቤ ሳይወርድ እሱም አይወርድ» ብለሃት ነበር።

ቁልፉ አሁንም ጥቁሩ ክር ላይ ነው። ቋጠሮው አልተፈታም፤ ክሩ በስለት ተቆርጧል። ንግሥቴ አየችውና አማተበች።

ያዋሰው ራሱ ካልመጣ አላስረክብም አልኩት። አልተቆጣም። ቁልፉን ወደ ኪሱ እየመለሰ፣

«ግድ የለም፣ መምህር። እንግዲያው እንደ ወራሽ እመጣለሁ። ምስክር አላጣም» አለኝ።

የተላከ ሰውና ወራሽ አንድ አይደሉም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ቡሬ ላሉት እናትህ ለእማሆይ አስካለ ማርያምም ቢሆን። ትናንት ደውለው ድምፅህን ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዳዊቱ እዚሁ አለ ብቻ አልኳቸው። ስለ ዳዊቱ አልጠየቅሁም አሉኝ።

ማስታወቂያው የኅዳር ሚካኤል ማግስት ያበቃል። ሰውየው ከዚያ በፊት ምስክሮቹን ይዞ ከቀረበ ደንቡ ከእሱ ጋር ይቆማል፤ ደንቡን ያረቀቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሊያስቆመው የሚችል ያንተ ቃል ብቻ ነው።

ይህ እንደደረሰህ ቶሎ መልስልኝ። አንድ መስመር ይበቃል። ግን ማንም አይጻፍልህ፣ በራስህ እጅ ይሁን። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝና እጅህን አውቀዋለሁ።

መምህርህ ደሞዝ
ፍኖተ ሰላም